ስለ ሻጋታ ብናኝና ስለ ሳንባ ጠባቂዎች
አገር ለሚያስተዳድሩ፥ መሬት ለሚያሳርሱና ወረዳ ለሚጠብቁ ሹማምንት የተጻፈ ትምህርት

እህል የሚሰበስብ ሰው ሁሉ ሻጋታን ያውቃል። በክረምት በመሶብ የቆየ እንጀራ ሲሻግት፥ ዝናብ የገባበት ክምር ውስጡ ሲሞቅና ሲጤስ፥ ከጉድጓድ የወጣ ማሽላ ሲጠቍርና ሲሸት በዐይኑ አይቶአል። ስለዚህ ሻጋታ የንብረት ጠላት መሆኑን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም። ነገር ግን ያው ሻጋታ በትንፋሽ ወደ ሳንባ እየገባ የሰውንና የእንስሳን ጤና የሚዋጋ መሆኑ፥ ሰውነትም በየቀኑ ሳይታወቅ የሚመክተው መሆኑ በብዙ ሰዎች ዘንድ ገና የተገለጠ አይደለም።

በዚህ ትምህርት የሳንባ ጠባቂዎች ሻጋታን እንዴት እንደሚከላከሉ፥ በምን ምክንያት እንደሚሸነፉ፥ ከዚያም ሹምና ባለ ንብረት ምን ሊያደርግ እንደሚገባው በተራ እንገልጣለን። የነገሩም ፍሬ ይህ ነው፤ ጤነኛ ሳንባ ጥቂቱን ሻጋታ ሁልጊዜ ያሸንፋል፤ ሲበዛበት ግን ይደክማል፤ ብዛቱም የሚወሰነው በአውድማና በጎተራ ነው። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

፩ኛ፤ ሻጋታ ምን እንደ ሆነ

ሻጋታ እንደ ሣርና እንደ ዛፍ አረንጓዴ ቅጠል አውጥቶ ከፀሐይ ብርሃን ምግቡን የሚያዘጋጅ አይደለም። እንደ ድር የቀጠነ ክሩን በሞተ ነገር ላይ፥ ይኸውም በገለባ፥ በእህል፥ በፍግ ላይ ዘርግቶ ያንን እያሟሟ ይመገባል። ከጠገበ በኋላ ከክሩ ላይ ቀጥ ያሉ ዘንጎች ይወጣሉ፤ በየዘንጉም ራስ ላይ እጅግ ብዙ ደቃቅ ዘር ይሰካል። በኢጣልያ አገር በፍሎረንስ የነበረው ቄስና የዕፅዋት ሊቅ ሚኬሊ ይህን በ1729 ዓመት በማጉያ መነጽር ባየ ጊዜ፥ ቅርጹ ካህናት ጠበል የሚረጩበትን ዕቃ ስለ መሰለው አስፐርጊሉስ ብሎ ጠራው።

ከአስፐርጊሉስ ወገኖች በሳንባ ላይ ከሁሉ ይልቅ የሚበረታው ፉሚጋቱስ የሚባለው ነው። ስሙ በላቲን ቋንቋ ከጢስ የመጣ ሲሆን፥ የዘሩ መልክ እንደ ጢስ ግራጫና አረንጓዴ የተቀላቀለ ነው። ይህን ስም በ1863 ዓመት ያወጣለት ፍሬዜኒዩስ የተባለ የጀርመን ሊቅ ነው፤ እርሱም ሻጋታውን ያገኘው ከአንድ ታላቅ የሜዳ ወፍ የትንፋሽ አካላት ውስጥ ነበር።

የዚህ ሻጋታ ዘር ወርዱ ከአንድ ሚሊሜትር ሺህኛ እጅ ሁለት ወይም ሦስት ያህል ነው። ሦስት መቶ ዘር በአንድ መስመር ቢሰለፍ ከአንድ ሚሊሜትር አያልፍም። ሻጋታው በሰው ገላ ሙቀት በደኅና ይበቅላል፤ ከ50 ዲግሪ የሚበልጥ ሙቀትንም ይታገሣል። በሚግል ክምርና በሚጤስ የፍግ ቁልል ውስጥ፥ ሌላው ሻጋታ በሚሞትበት ስፍራ፥ እርሱ የሚሠለጥነው ስለዚህ ነው።

፪ኛ፤ ስለ ትንፋሽ መንገድ በረኞች

ፈጣሪ የትንፋሽን መንገድ ያለ ጠባቂ አልተወውም። በአፍንጫ ያለው ጸጉር ትልቁን አቧራ ያግዳል። ከዚያ ያለፈውን ደግሞ የአየር ቧንቧውን ግድግዳ የሸፈነው የሚያጣብቅ ርጥበት ይይዘዋል። ከርጥበቱ በታች በዐይን የማይታዩ ደቃቅ ጸጉሮች እንደ ነፋስ የሚያወዛውዘው የጤፍ ማሳ በአንድነት እየተወዛወዙ የተያዘውን ቆሻሻ ወደ ጕሮሮ ይመልሱታል፤ ሰውም ይተፋዋል ወይም ሳያውቀው ይውጠዋል። ሳልም የእነዚህ በረኞች ረዳት ነው።

ነገር ግን የሻጋታው ዘር እጅግ ደቃቅ ስለ ሆነ አብዛኛው ከነዚህ በረኞች ቢያዝም ጥቂቱ እያመለጠ እስከ ሳንባ መጨረሻ ይደርሳል። በዚያም በመቶ ሚሊዮኖች የሚቈጠሩ የአየር ከረጢቶች አሉ፤ ግድግዳቸው እጅግ ስስ ነው፤ ደም አየርን የሚቀበለው በእነርሱ በኩል ነው። ማናቸውም ሰው፥ በከተማም ቢኖር በገጠር፥ በየቀኑ በመቶ የሚቈጠር የሻጋታ ዘር ወደ ውስጥ እንደሚስብ ሊቃውንት ይገምታሉ። ይህን ሁሉ እየሳብን ሳንታመም የምንኖረው በከረጢቶቹ ውስጥ ሌሎች ጠባቂዎች ስላሉ ነው።

፫ኛ፤ ነጭ ሴሎች ከሻጋታ ጋር ስለሚያደርጉት ውጊያ

ሰውነት ሴል ከሚባሉ ደቃቅ ሕያዋን ክፍሎች የተሠራ ነው። ከእነርሱም ነጭ ሴሎች የሚባሉት የጦር ሠራዊት ናቸው። እነዚህ ሴሎች የሻጋታ ወገን የሆነ ጠላት ሲውጡ አይቶ የመሰከረ ሜችኒኮቭ የተባለ በሩስያ ግዛት የተወለደ ሊቅ ነው። በ1884 ዓመት ባሳተመው ጽሑፍ፥ በኩሬ ውሃ ስለምትኖር ዳፍኒያ ስለምትባል ደቃቅ ፍጥረት ተናገረ። የዳፍኒያ አካል እንደ ብርጭቆ ብርሃን ያሳልፋልና፥ በውስጧ የሚደረገው ሁሉ በማይክሮስኮፕ ይታያል። እንደ መርፌ የሾለ የሻጋታ ወገን ዘር ከምግቧ ጋር ገብቶ አንጀቷን ሲወጋ፥ ሴሎቿ እየተሰበሰቡ ዘሩን ከበው ሲያሟሙት አየ። ዘሩ ጥቂት በሆነ ጊዜ ዳፍኒያ ዳነች፤ ዘሩ በዝቶ ክሩ በተስፋፋ ጊዜ ግን ሞተች። ሜችኒኮቭም ስለዚህና ስለ ሌላው ሥራው በ1908 ዓመት ከፓውል ኤርሊኽ ጋር የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ።

በሰው ሳንባ የሚደረገውም ውጊያ ይህንኑ ይመስላል። በአየር ከረጢቶቹ ውስጥ ማክሮፋጅ የሚባሉ ሴሎች ሳይለቁ ይቀመጣሉ፤ ትርጓሜውም ታላቅ በላተኛ ማለት ነው። በግድግዳው ላይ እየተንቀሳቀሱ አቧራውንና ረቂቅ ተባዩን ይለቅማሉ።

የሻጋታው ዘር ግን ተሸፍኖ ይገባል። በላዩ ውሃ የማያርሰው ስስ ልባስ አለው፤ ልባሱም ጠባቂዎቹ ጠላትነቱን እንዳያውቁ ይሸሽገዋል። ይህ በ2009 ዓመት በፓሪስ በፓስተር ተቋም ሊቃውንት ተገለጠ። ዘሩ በርጥበትና በሙቀት ውስጥ ጥቂት ሰዓት ሲቆይ፥ ለብቅል የተዘፈዘፈ ገብስ ሥር ከማውጣቱ አስቀድሞ እንደሚያብጥ ያብጣል፤ ያን ጊዜ ልባሱ ይቀደዳል። ከልባሱ በታች ቤታ ግሉካን የሚባል የስኳር ሰንሰለት ይታያል። ይህ ነገር በሰው ገላ ውስጥ ስለማይሠራ የባዕድ ምልክት ነው። ማክሮፋጁም ይህን ምልክት የሚለይበት ዴክቲን አንድ የሚባል መያዣ በቆዳው ላይ አለው፤ የዚህም መያዣ ሥራ በ2001 ዓመት በእንግሊዝ አገር በኦክስፎርድ ሊቃውንት ታወቀ።

ማክሮፋጁ ዘሩን ከለየ በኋላ ሁለት ሥራ ይሠራል። አንደኛው ዘሩን ውጦ በውስጡ ባለ ከረጢት በአሲድና በሚያሟሟ ፈሳሽ ማጥፋት ነው። ሆኖም ሻጋታው በዚህም አይሞኝም፤ በዘሩ ላይ ያለው ቀለም አሲዱ እንዳይበረታ ይከላከልለታል። ሁለተኛው የማክሮፋጁ ሥራ ነጋሪት መምታት ነው፤ ይኸውም መልእክት የሚያደርሱ ንጥረ ነገሮችን ወደ ደም ይልካል።

ነጋሪቱን ሰምተው የሚከቱት ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ ሴሎች ናቸው። የሚወለዱት በአጥንት መቅን ውስጥ ነው። መቅኑ በየቀኑ እስከ መቶ ሺህ ሚሊዮን የሚደርስ ኒውትሮፊል ያወጣል፤ ዕድሜያቸው አጭር ነውና ሠራዊቱ ዘወትር መተካት አለበት። በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከደም ሥር ወጥተው ወደ ከረጢቶቹ ይገባሉ። ገና ያልበቀለውን ዘር ይውጡታል። ዘሩ በቅሎ ረጅም ክር ከሆነ ግን አንድ ሴል ሊውጠው አይችልም፤ ስለዚህ ብዙ ሆነው በክሩ ላይ ይለጠፉና ከኦክሲጅን የተሠራ የሚያቃጥል መርዝ ያፈስሱበታል። ከእነርሱም አንዳንዶቹ ሲሞቱ የገዛ ውስጣቸውን እንደ ዓሣ አጥማጅ መረብ ይዘረጋሉ፤ መረቡም ሻጋታው እንዳይስፋፋ ያግዳል። ይህ መረብ በ2004 ዓመት በበርሊን ከተማ በተደረገ ምርምር ታወቀ።

ከብዙ ቀን በኋላም ሊምፎሳይት የሚባሉት ሴሎች ይደርሳሉ። የእነዚህ ሥራ ተዋጊዎቹን ማዘዝና ማበርታት፥ ጠላቱ ከጠፋ በኋላም ቍጣቸውን ማብረድ ነው። ቍጣን ማብረድ ለምን እንደሚያስፈልግ በ፭ኛው ክፍል እንመለስበታለን።

፬ኛ፤ ጠባቂዎቹ ስለሚሸነፉበት ምክንያት

የመጀመሪያው ምክንያት የሠራዊቱ ማነስ ነው። የደም ካንሰር ያለበት ወይም ለካንሰር የሚሰጠውን ብርቱ መድኃኒት የሚወስድ ሰው የአጥንቱ መቅን ስለሚደክም ኒውትሮፊሉ ይጎድላል። ያን ጊዜ ማንንም የማይጎዳ ጥቂት ዘር በሳንባው ውስጥ በቅሎ የደም ሥሮቹን ይበጣጥሳል።

ሁለተኛው የመሣሪያ መጕደል ነው። ሲወለዱ ጀምሮ ኒውትሮፊላቸው ያን የሚያቃጥል መርዝ ለመሥራት የማይችል ጥቂት ሰዎች አሉ። ሠራዊታቸው ሙሉ ነው፤ ወደ ጦርነቱም ይደርሳል፤ ጠላቱንም ይውጣል፤ ነገር ግን ሊገድለው አይችልም። እንደዚህ ያለውን ሰው ከሚገድሉት ዋናው አስፐርጊሉስ ነው። የኒውትሮፊል መርዝ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ሊቃውንት የተረዱት በእነዚህ ሕሙማን ነው።

ሦስተኛው የጠባቂዎቹ መደንዘዝ ነው። ስቴሮይድ የሚባለውን መድኃኒት ለብዙ ጊዜ በብዛት የሚወስድ፥ ወይም በብርቱ ኢንፍሉዌንዛ ሳንባው የተጎዳ ሰው ጠባቂዎቹ ይዳከሙበታል። በ2020 ዓመት የኮሮና በሽታ በዓለም በተስፋፋ ጊዜም ከብርቱ ሕሙማን መካከል በዚህ ሻጋታ የተጠቁ ተገኝተዋል።

አራተኛው የጥንት ቍስል ነው፤ ይህም የሳንባ ነቀርሳ በብዛት በሚገኝባት በአገራችን ሊታሰብ ይገባዋል። ከነቀርሳ የዳነ ሰው በሳንባው ውስጥ ባዶ ዋሻ ሊቀርበት ይችላል። ደም ወደዚያ ዋሻ መሐል አይደርስምና ነጭ ሴሎችም አይደርሱም። የሻጋታው ዘር በዚያ ቢወድቅ ክሩን እየጠቀለለ እንደ ኳስ ይከማቻል። ሰውዬው ያስላል፤ ይከሳል፤ አንዳንድ ጊዜም ደም ይተፋል። ይህን ያየ ሰው ነቀርሳው ተመለሰ ብሎ የነቀርሳ መድኃኒት በከንቱ ሊሰጠው ይችላል። ስለዚህ ነቀርሳ አልፎበት እንደ ገና የሚያስል ሠራተኛ ወደ ሐኪም ሲላክ፥ በሻጋታ ብናኝ ውስጥ የሚሠራ መሆኑ አብሮ ቢነገር ለምርመራው ይረዳል።

የዓለም የጤና ድርጅት በ2022 ዓመት ባወጣው የአደገኛ ፈንገሶች ዝርዝር አስፐርጊሉስ ፉሚጋቱስን ከመጀመሪያው ማዕርግ አስገብቶታል። ለሕመሙ የሚሰጡት መድኃኒቶች ጥቂት ናቸው። ከእነርሱም ዋናዎቹ አዞል የሚባሉት ሲሆኑ፥ ለሰብል ከሚረጩት የሻጋታ መድኃኒቶች አንዳንዶቹ ከዚሁ ወገን ናቸው። በሆላንድ አገር መድኃኒቱን ከቶ ቀምሰው በማያውቁ ሕሙማን ላይ አዞል የማይገድለው ሻጋታ ተገኘ፤ ሻጋታው ይህን ጥንካሬ ያገኘው በእርሻ ላይ ከሚረጨው መሆኑን ሊቃውንት ይናገራሉ። ስለዚህ የሰብል መድኃኒት ከታዘዘው መጠንና ጊዜ ውጭ እንዳይረጭ መጠበቅ የሕሙማንንም መድኃኒት መጠበቅ ነው።

፭ኛ፤ ጠባቂዎቹ አብዝተው ሲቈጡ

ከዚህ በላይ የተናገርነው ስለ ደካማ ሰው ነው። ብርቱ ሰውም ቢሆን ብናኙ ሲበዛበት ከጉዳት አያመልጥም። የኢጣልያው ሐኪም ራማዚኒ በ1700 ዓመት ስለ ሠራተኞች በሽታ ባሳተመው መጽሐፍ እህል የሚያበጥሩና የሚሰፍሩ ሰዎች በአቧራው ምክንያት በሳልና በትንፋሽ ማጠር እንደሚሠቃዩ ጽፎአል። በ1890 ዓመት ደግሞ ሦስት የፈረንሳይ ሐኪሞች በፓሪስ ከተማ ርግብ ስለሚያደልቡ ሠራተኞች ተናገሩ። እነዚህ ሠራተኞች እህልና ውሃ በአፋቸው ሞልተው ወደ ርግቡ አፍ ይተፉ ነበር። ከእህሉ ጋር የሻጋታው ዘር እየገባ ነቀርሳ በሚመስል የሳንባ በሽታ ያዛቸው።

በ1932 ዓመት በእንግሊዝ አገር ካምቤል የተባለ ሐኪም የሻገተ ድርቆሽ ካገላበጡ በኋላ ትንፋሽ ስላጠራቸው ገበሬዎች ጻፈ። ይህም የገበሬ ሳንባ የተባለው በሽታ ነው። በ1963 ዓመት እንደ ተገለጠው፥ የዚህ በሽታ ዋና ምክንያት በሚግል ድርቆሽ ውስጥ ከሻጋታ ጋር አብረው የሚያድጉ፥ ክር የሚመስሉ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ የሻጋታ ዘርም እንዲሁ ያለ ሕመም ያመጣል።

በዚህ ሕመም ሳንባን የሚጎዳው የጠባቂዎቹ ቍጣ ነው። በሥራው ጊዜ በብዙ ሚሊዮን የሚቈጠር ብናኝ በአንድ ጊዜ ይገባል፤ ይህም በተደጋገመ ቍጥር ሊምፎሳይቶቹ ብናኙን ለይተው ያውቁታል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ሠራዊቱ ሁሉ በቍጣ ይነሣል። አገር ሊጠብቅ የከተተ ወታደር ያለ ልክ ቢቈጣ የባላገሩን ቤት እንደሚያፈርስ፥ እነዚህም ስሱን የከረጢት ግድግዳ ያሳብጡታል።

ምልክቱ ይህ ነው። ሠራተኛው የሻገተ ገለባ ወይም እህል ካገላበጠ ከአራት እስከ ስምንት ሰዓት በኋላ ብርድ ብርድ ይለዋል፤ ያተኩሰዋል፤ ያስላል፤ ትንፋሽ ያጥረዋል። በማግስቱ ወይም በሠልስቱ ይሻለዋል። ስለዚህ ወባ ወይም ምች ነው ተብሎ ይታለፋል። ወደዚያው ሥራ በተመለሰ ጊዜ ሁሉ ሕመሙ ይመለሳል። ለብዙ ዓመት እንዲህ ከሆነ ሳንባው ጠባሳ እያበጀ ይደነድናል፤ ጠባሳውንም ወደ ቀድሞው የሚመልስ መድኃኒት የለም። እንግዲህ ትኩሳቱ ከሥራው ጋር የሚመጣና ከሥራው ሲርቅ የሚተው መሆኑን መጠየቅ ሕመሙን ለመለየት እጅግ ይረዳል።

፮ኛ፤ ስለ ዶሮዎች

ወፎች በሻጋታ ከሰው ይልቅ ይጠቃሉ። በአየር ከረጢታቸው ውስጥ ዘወትር የሚቀመጡ ማክሮፋጆች ጥቂት ናቸው፤ እንደ ሰው አጥብቀው ስለማያስሉም የገባውን በቀላሉ አይመልሱም። አዲስ የተፈለፈሉ ጫጩቶች የሻገተ ጭድ ቢነጠፍላቸው በጥቂት ቀን ውስጥ አፋቸውን ከፍተው እያለከለኩ ይሞታሉ። ሬሳቸው ሲከፈት በሳንባውና በአየር ከረጢቱ ላይ ነጣ ወይም ቢጫ ያሉ ጥቃቅን እብጠቶች ይገኛሉ። የታመመውን ጫጩት ለማዳን ከመድከም ይልቅ ጉዝጓዙን ማድረቅና መለወጥ ይሻላል። በአንድ ቤት ጫጩቶች እንዲህ ሲያልቁ በታየ ጊዜም ያንኑ አየር የሚተነፍሰው ሠራተኛ ይታሰብ።

፯ኛ፤ ሹምና ባለ ንብረት ሊያደርጉት የሚገባ

የሰውን ነጭ ሴል ማብዛት የሹም ሥልጣን አይደለም። ወደ ሳንባ የሚገባውን ዘር ማሳነስ ግን በትእዛዝና በክትትል የሚፈጸም ነው። ስለዚህ የሚከተሉትን ማስፈጸም ይገባል።

1ኛ፤ የታጨደ ሰብል በደንብ ሳይደርቅ አይከመር። ክምሩ በድንጋይ ወይም በርብራብ ላይ ይሁን፤ ራሱም ዝናብ እንዳያስገባ ይከደን።

2ኛ፤ እህል ወደ ጎተራ ከመግባቱ አስቀድሞ ርጥበቱ ይፈተን። የብርዕ እህል ከመቶ 13 ያህል ርጥበት ሲኖረው ያለ ሥጋት ይቀመጣል። መለኪያ መሣሪያ በሌለበት ስፍራ፥ በደረቀ ጠርሙስ ሢሶውን እህል ጨምሮ አንድ ማንኪያ በጣም የደረቀ ደቃቅ ጨው ማከል፥ ደኅና አድርጎ መነቅነቅ፥ ከሩብ ሰዓት በኋላም መመልከት ነው። ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ የእህሉ ርጥበት ከመቶ ከ15 ይበልጣልና እንደ ገና ይሰጣ።

3ኛ፤ ጎተራ ከመሬት ከፍ ይበል፤ አሮጌው እህል ሳይጠረግ አዲሱ አይጨመርበት። በሐረርጌ እንደሚደረገው ማሽላ በጉድጓድ የሚቀመጥ ከሆነ፥ ጉድጓዱ ውሃ በማይተኛበት ስፍራ ይቈፈር፤ ሲከፈትም ለብዙ ጊዜ አየር ሳያገኝ ማንም አይግባበት። በጉድጓዱ የሚጠራቀመው ክፉ አየር በሳንባ ውስጥ እስኪበቅል የሚጠብቅ አይደለም፤ ወዲያው ይገድላል።

4ኛ፤ የሻገተ ገለባ ወይም እህል በዝግ ቤት ውስጥ አይገላበጥ። በሜዳ፥ ነፋሱን በጀርባ አድርጎ፥ ብናኙ እንዳይነሣ ውሃ አርከፍክፎ ይሠራ። ርጥብ ሆኖ የቀረው ግን ወደ ክምር አይመለስ።

5ኛ፤ አፍን በነጠላ መሸፈን ትልቁን አቧራ ቢያግድም ደቃቁን ዘር አይከለክልም። ኤን95 የሚባለው መሸፈኛ፥ በፊት ላይ ክፍተት ሳይተው ሲታሰር፥ ይከለክላል። ብዙ ብናኝ ባለበት ሥራ ላይ ባለ ንብረቱ ለሠራተኛው ይህን ይስጠው።

6ኛ፤ ነቀርሳ ያለፈበት፥ አስም ያለበት፥ ስቴሮይድ ወይም የካንሰር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ወደዚህ ሥራ አይታዘዝ። ሌላ ሥራ ይሰጠው እንጂ ስለዚህ እንጀራው አይቋረጥበት።

7ኛ፤ ከውቂያ ወይም ከጎተራ ሥራ በኋላ በተደጋጋሚ የሚያተኩሰው ሠራተኛ ወደ ጤና ጣቢያ ይላክ፤ የሠራበትም ሥራ በቃል ወይም በጽሑፍ ይነገርለት።

ሳይርቅ በቅርቡ፥ ሳይደርቅ በርጥቡ የሚለው ምሳሌ ለክርክርና ለበደል የተነገረ ነው። በእህል ነገር ግን በቅርቡ ማድረቅ ይሻላል፤ በርጥቡ የገባው አንድ ጎተራ እህሉን አበላሽቶ፥ ጎተራውን ወደሚከፍተው ሠራተኛ ሳንባ ይሻገራልና። በየአየር ከረጢቱ የተቀመጠው ጠባቂ ሌሊትና ቀን ሳያርፍ ይሠራል። ሹምም አውድማውንና ጎተራውን በጊዜው ቢመረምር፥ ጠባቂው የሚችለውን ያህል ብቻ እንዲመጣበት ያደርግለታል።